የእጅ ፈሊጦችና የልጄ ቀኝ እጅ

ዲላ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት ከትምህርት ቤት መልስ አንዲት ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ስሞላ ነው የኖርኩት። ደብተሯ የያዘችው እጅ የሚል ቃል ያለባቸውን የእንግሊዝኛ ፈሊጦች፣ ትርጉማቸውንና ከየት እንደመጡ ነው። ለምን እጅን እንደመረጥኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አንድ ተማሪዬን ነበር የምጠቅሰው። ከወናጎ በሚኒባስ እየተመላለሰ የሚማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ፈተና ላይ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» የሚለውን በአማርኛ ጻፍ ስለው «እጅህን ስጥ!» ብሎ ጻፈ። አልበቃውም፤ አጠገቡ «ለጠላት የሚባል» ብሎ ጨመረበት።

ስቄ ሳበቃ ነገሩ ከነከነኝ። ልጁ ከራሱ ቋንቋ ሲነሳ አልተሳሳተም። እኛ ዘንድ እጁን የሰጠ ተሸናፊ ነው፤ እነሱ ዘንድ እጁን የሰጠ ረዳት ነው። በማግስቱ ደብተሯን ገዛሁ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፍ ጀመር፤ ከቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መዝገበ ቃላትም፣ ኔትወርክ ሲኖር ከስልኬም። ሰውየው እጁ ቀይ እንደሆነ ተያዘ የሚሉት ከስኮትላንድ የድሮ ሕግ የመጣ ነው። ገዳዩ ደሙ ከእጁ ሳይደርቅ ከተያዘ ብዙ ክርክር አያስፈልግም ነበር። የእኛ «እጅ ከፍንጅ» የቅርብ ዘመዱ ነው። እጅን ወደ ታች አውርዶ ማሸነፍ የሚሉት ከፈረስ ውድድር ነው፤ ጋላቢው አንደኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ልጓሙን አላልቶ እጁን ያወርዳል፤ ያለ ድካም ማሸነፍ ማለት ሆነ። እጅን መታጠብ ከጲላጦስ ነው፤ እሱ ለእነሱም ለእኛም አንድ ነው። ከእጅ ወደ አፍ መኖርንም ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ማን ከማን እንደወሰደው ግን አላገኘሁም። ከሁሉ የምወደው የወፏን ነበር። እንግሊዙ በእጅ ያለች አንዲት ወፍ ጫካ ውስጥ ካሉ ሁለት ትበልጣለች ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላል። ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ «ማን ነው ልክ?» እያልኩ ተማሪዎቼን አከራክር ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየከበደ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ደብተሯን አይተው «ይቺን አባዝተን ለተማሪዎቹ እንስጥ» አሉኝ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ላስረክብ ተስማማሁ። ኩራት ተሰማኝ። ያቺ ደብተር በሃያ ዓመት ውስጥ የኔ ብዬ የሠራኋት ብቸኛ ነገር ነበረች።

የዚያን ጊዜ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት። ባለቤቴ የጌዴኦ ሰው ነው፤ ሬኮ አካባቢ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ማሽን ይቆጣጠራል። እሸት ቡና ሲደርስ ሁለት ሦስት ወር እዚያው ይከርማል። እናቱ፣ አማቴ፣ ጪጩ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የእንሰትና የቡና መሬታቸው ላይ ይኖራሉ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቀማ ልታግዛቸው ትሄዳለች። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ዝናብ ከነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ረፋድ ላይ አማቴ ደወሉልኝ። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ለሴቱም ለወንዱም አንተ ማለት ይቀናቸዋል።

«አንተ፣ አትደንግጥ» አሉኝ። «ልጅህ ወድቋል። እጁ ነው። ሌላው ደህና ነው።»

በባጃጅ በረርኩ። ልጄ እንሰት ሥር ጭቃ እንደለበሰች ተቀምጣለች። ቅርጫት ይዛ ስትወርድ አንሸራትቷት፣ ቀኝ እጇን አስቀድማ ነው የወደቀችው። ክንዷ ከአንጓዋ ከፍ ብሎ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ «እማ፣ ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለብኝ» ነው ያለችኝ።

ወጌሻው ከኔ በፊት ደርሰዋል። እኚህን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ። ከዓመታት በፊት ደረጃ ላይ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ሲወልቅ በእግሬ ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው። ጣቶቻቸው ወፋፍራም ናቸው፤ አጥንት ላይ ሲያርፉ ግን ዓይን ያላቸው ይመስላሉ።

«ሆስፒታል ልውሰዳት?» ብዬ አማቴን ጠየቅኋቸው።

«ሆስፒታል ጀሶ ያደርገዋል፤ ጠማማ ይሆናል። የዚህ የጎረቤት ልጅ አላየህም?»

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ከኋላው ማሽኑ ይጮኻል፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ሽማግሌው ካሉ ምን ያሳስብሻል?» አለኝ። እኔም ሐሳቤን ጣልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ የታየኝ የሆስፒታሉ ወረፋ ነበር። ቅዳሜ ነው። ደብተሬ ላይ የቀሩኝ ገጾች ታዩኝ። ይህን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም።

ወጌሻው ክንዷን በሞቀ ውሃ አሹ፣ ቅቤ ቀቡ፣ ጎተቱ። ልጄ ያን ጊዜ ጮኸች። ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በአራት ጎን ደግፈው ከአንጓዋ እስከ ክርኗ በእንሰት ቃጫ ጠፍረው አሰሩት።

«ሰባት ቀን እንዳይፈታ» አሉኝ። «ጥዝጣዜ ይኖረዋል። ብታለቅስም አትፍቺላት። ከላላ አጥንቱ ይሸሻል፤ ያኔ እኔም አላቃናውም።»

እሑድን ስትቃትት ዋለች። ከመድኃኒት ቤት የማስታገሻ ክኒን ገዝቼ ሰጠኋት። ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የታሰረውን እጇን በግራ እጇ ወደ ላይ ደግፋ አገኘኋት። ጣቶቿ አብጠው ቆዳቸው ተወጥሯል፤ ያብረቀርቃል። ክንዷ አብጦ ቃጫው ግን አልሰፋም፤ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል።

«እማ፣ ፍቺልኝ።»

«አምስት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው፣ የኔ ዓለም።»

«ትንሽ ብቻ። አንዱን ብቻ።»

«ከላላ ጠማማ ሆኖ ይቀራል ብለዋል።»

«ይጠመም! ይጠመም እማ፣ ፍቺልኝ!»

ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን ያዝኩ። ጥፍሬን ከቃጫው ሥር አስገባሁ። ጥፍሬ እዚያ ገብቶ እንደነበር እስከ ዛሬ ይሰማኛል። መፍታት አቅቶኝ አይደለም የተውኩት፤ ቢላዋ ማጀት ነበር። ፈርቼ ነው። ጠማማ እጅ ፈራሁ። ልጄ አድጋ ሰው ፊት እጇን በነጠላ ስትሸፍን ታየኝ። ጥፍሬን አወጣሁና ግንባሯን ሳምኳት። «በርቺ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ተረጋግታ አገኘኋት። ጋቢዋን እስከ አንገቷ ስባለች።

«ዛሬ አይጠዘጥዘኝም» አለችኝ። «ምንም አይሰማኝም።»

ሁለት እጄን ዘርግቼ «ተመስገን» አልኩ። እንዲያ ነው ያልኩት። ሻይዋን አጠጥቻት፣ ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ እየቸኮልኩ ወጣሁ።

ያን ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴ የእጅ ፈሊጦች ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አስተምሬ አላውቅም። ስለ መርከበኞች ነገርኳቸው። በገመድ ሲወጡ አንዱን እጅ ከሌላው በላይ ቶሎ ቶሎ ያፈራርቁ ስለነበር፣ ዛሬ እንግሊዞች በፍጥነት የሚከብርን ሰው እጅ በጡጫ ላይ እያፈራረቀ ያገኛል ይሉታል። መርከብ ላይ ሰው ራሱ እጅ ይባል ነበር፤ እጆች ሁሉ ይውጡ ከተባለ መርከበኞቹ ሁሉ ይውጡ ማለት ነው።

«ቲቸር፣ ታዲያ ሌላው አካላቸውስ?» አለኝ አንዱ።

«ለመርከቡ ጌታ የሚያስፈልገው እጃቸው ብቻ ነበር» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ ለባዮሎጂ መምህሩ የልጄን መሻል ነገርኩት። የወደቀች ዕለት ሆስፒታል ውሰጃት ብሎ በስልክ ለምኖኝ ስለነበር፣ ያሸነፍኩት መስሎኝ ነው የነገርኩት።

«ሕመሙ ለቀቃት» አልኩት። «እንዲያውም ምንም አይሰማኝም ነው የምትለው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ቲቸር፣ ጣቷን ስትነኪው ይሰማታል?»

«አልነካሁትም።»

«ቀለሙስ?»

ጠዋት ጋቢውን አልገለጥኩም።

«አሁኑኑ ሂጂ» አለኝ እየተነሳ። «ክፍልሽን እኔ እይዛለሁ። ሂጂ እንጂ!»

ቤት ደርሼ ጋቢውን ገለጥኩ። ጣቶቿ ጠቁረዋል። ጥፍሯ ሥር ደም የሚባል ነገር የለም። አውራ ጣቷን ያዝኩ፤ ወንዝ ውስጥ የከረመ ድንጋይ ነው። አጥብቄ ቆነጠጥኳት።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?» አለችኝ።

ቢላዋ አምጥቼ ቃጫውን አንድ በአንድ በጠስኩት። እየበጠስኩ እጮኻለሁ፤ እሷ ግን ዝም ብላ ታየኛለች። ከቃጫው ሥር ቆዳዋ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሽታም ነበረው። ስለ ሽታው ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ የፈራሁት ወረፋ ማክሰኞ አልነበረም። እጇን ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ያ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት እንኳ ስሟን ጠይቃ ሳትጨርስ ብድግ አለች።

አጥንት ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፤ አብሮት አንድ ወጣት ሐኪም አለ። ክንዷን አገላብጦ አየ፣ በመርፌ ጫፍ ከጣቷ ጀምሮ ወደ ላይ ወጋ ወጋ አደረገ። ልጄ ጣሪያውን ታያለች። መርፌው ክርኗ አጠገብ ሲደርስ ብቻ «እ!» አለች። እኔ ነጠላዬ ተጎትቶ፣ ጫማዬ ጭቃ ለብሶ ቆሜያለሁ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። ሐኪሞች ቤተሰብ እንዳይሰማ ሲፈልጉ እንደሚያደርጉት ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ወጣቱ ደም ሥሩን ማዳን አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀው። ጎልማሳው ራሱን ነቀነቀ።

«ኢትስ አውት ኦፍ አወር ሃንድስ ናው» አለ።

ይህን አባባል አውቀዋለሁ። ደብተሬ ላይ ሙሉ ገጽ ሰጥቼው ነበር። ጉዳዩ ከእኛ ሥልጣን ውጪ ሆኗል ብዬ ተርጉሜ፣ ተማሪ እንዲገባው ምሳሌ ሠርቼለታለሁ፤ ማመልከቻው ወደ ወረዳው ተልኳል፣ እንግዲህ ከእጄ ወጥቷል የሚል። የማመልከቻ ነገር ብቻ ነበር የመሰለኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ ቃል አንድ ቀን በልጄ ላይ ይነገራል ብዬ አላሰብኩም።

«ከየት ነው የምትቆርጡት?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ሁለቱም ዞሩ። ጎልማሳው ሐኪም ፊቱ ተለዋወጠ። ልጄ ከተባለው ሁሉ የያዘችው አንዲት ቃል ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል ነችና ያቺን ታውቃለች።

«እማ፣ ሃንድ ምን አለ? ስለ እጄ ምን አለ?»

ሐኪሙ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ። «ይቅርታ፣ እናቴ» አለኝ በአማርኛ። «ከክርኗ በታች ነው። ዛሬውኑ መሆን አለበት። ከዘገየን ክርኗም ይሄዳል። ከዚያም በላይ ልናጣ እንችላለን።»

«አባቷ እየመጣ ነው። ከሬኮ ተነስቷል።»

«መጠበቅ አንችልም።»

ወረቀቱን ሰጡኝና ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀታቸው ላይ የሚያውቋት ያቺው ፊርማ ናት፣ ጅራቷ እንኳ አልተዛባም። ለምን እንዳልተንቀጠቀጥኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ያሳፍረኛልም።

ለልጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ግራ እጇን ይዤ ነገርኳት።

«ቀኙን?» አለችኝ።

«ቀኙን።»

ወደኔ ሳትዞር «ሰኞ ብትፈቺልኝ ኖሮስ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ውሸቴን ነበር። አውቄዋለሁ። ሐኪሙ ሳልጠይቀው ነግሮኛል።

ባለቤቴ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የቡና ገለባ የተለጣጠፈበት ቦቲውን እንዳደረገ ደረሰ። ልጄ ከቀዶ ጥገናው ወጥታ ተኝታለች። አንሶላው በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ መሆኑን አየ። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «የት አደረጉት?» ብቻ አለ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት። ከእናቱ ጋር ጪጩ ወስደው ቀበሩት። የት ጋ እንደቀበሩት ጠይቄ አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ከእንቅልፏ ነቅታ «እማ፣ መዳፌን ያሳክከኛል» አለችኝ። ግራዋን ያዝኩ።

«እሱን አይደለም። ቀኙን።»

በአገጯ ባዶውን አንሶላ አሳየችኝ። «እዚያ ጋ» አለችኝ። አንሶላውን አከክሁላት። «ወደ ታች» አለች። ወደ ታች አከክሁ። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «እሺ፣ አሁን ተይው» አለችኝ። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር፤ ዘወር ብላ ሄደች።

ቤት በገባን በሁለተኛው ሳምንት ወጌሻው መጡ። አማቴ ይዘዋቸው ነው የመጡት። ሽማግሌው ከደጃፉ አልፈው አልገቡም፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልጄ ድምፃቸውን ስትሰማ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ብዙ የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ለቀናት በልቤ ስደረድረው ከርሜያለሁ።

«አባቴ ሰባት ቀን ነው ያለኝ» አሉ ሽማግሌው። «አባቱም ለእሱ ሰባት ቀን ብሎታል። እኔም ሰባት ቀን አልኩሽ። ጣት ሲቀዘቅዝ ፍታ ያለኝ ሰው የለም፣ ልጄ። ማንም አልነገረኝም።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። እሳቸው አላወቁም። እኔ ግን በልጄ እጅ ላይ ያለውን በዓይኔ አይቼ፣ ልጄ እየለመነችኝ፣ ቋጠሮውን ይዤ ነው የተውኩት። ማንን ልወቅስ? «ይግቡ፣ ሻይ ይጠጡ» አልኳቸው። አልገቡም። ይቅርታም አላደረግኩላቸውም። ሲሄዱ አማቴ ወደኔ ዞር አሉ፤ እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ከአማቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

ትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲያ ጸጥ ብለው አያውቁም። የባዮሎጂ መምህሩ ሳይነግራቸው አልቀረም። መጽሐፉን ገልጬ «ቀጣዩን ምዕራፍ አውጡ» አልኩ።

የክፍሉ አለቃ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የእጁ አላለቀም።»

«አልቋል» አልኩት።

አጠገቡ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሸመችው። ደንግጦ ተቀመጠ። ለርዕሰ መምህሩም ደብተሯን እንደማላስረክብ ነገርኳቸው። ምክንያቱን አልጠየቁኝም።

ደብተሯን ላቃጥላት አስቤ ነበር፤ ግን መሳቢያ ውስጥ ረሳኋት። ያገኘቻት ልጄ ናት። በግራ እጇ መጻፍ ስትለማመድ የምትገለብጠው ጽሑፍ ትፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታት፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ከራሴ ደብተር ትገለብጣለች። ፊደሎቿ እንደ ሰካራም ይወላገዳሉ። ወረቀቱን የሚይዝላት ሌላ እጅ ስለሌለ ላዩ ላይ ጣሳ አስቀምጣበታለች።

«ሌላ መጽሐፍ አጣሽ?» አልኳት። ድምፄ ተቆጣ።

«የአንቺ ጽሑፍ ግልጽ ነው» አለችኝ። ቀና ሳትል «እማ፣ ይሄ ሲንግል ሃንድድ የሚለው እኔ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንደ መምህር መለስኩላት፤ ሌላ መልስ አልመጣልኝም። «አይደለም። ያለ ማንም እርዳታ አንድን ነገር ብቻውን የፈጸመ ሰው ማለት ነው። መርከብን ብቻውን ለሚነዳ ሰው ይሉታል።»

አሰበች። «እንግዲያው እኔ አይደለሁም» አለች። «የጫማዬን ክር የምታስሪልኝ አንቺ ነሽ።»

ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጄ ስምንተኛን አልፋ ዘጠነኛ ገብታለች። በግራ እጇ ትጽፋለች፤ ቀስ ብላ ነው፣ ግን ይነበባል። የጫማዋን ክር በጥርሷና በአንድ እጇ ማሰር ተምራለች፤ እንድረዳት አትፈቅድም። ክፍል ውስጥ መልስ እያወቀች እጅ እንደማታወጣ መምህሯ ነግሮኛል። ጪጩ አትሄድም። ባለቤቴ አሁንም በቡና ወራት ሬኮ ይከርማል፤ አሁን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል፤ ደውሎም ዝም ይላል። ሰኞ ልጄ የለመነችኝን አልነገርኩትም። እሷም አልነገረችውም። ይህ ሁለታችን ብቻ የያዝነው ነገር ከሆነ ቆየ፤ ስለእሱም አንነጋገርም።

ባለፈው የለቀማ ወቅት ለአንድ የመምህራን ስብሰባ ወናጎ ሄጄ ስመለስ መናኸሪያ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። አንዲት ወጣት እናት አጠገቤ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ልጅ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። የልጅቷ ክንድ በቀርከሃና በቃጫ ታስሯል። ጣቶቿ በእናቷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው አየኋቸው። አብጠዋል።

ቀረብኳት። «እህቴ፣ ይሄ መቼ ነው የታሰረው?» አልኳት። ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አማርኛ አታውቅም። ከጌዴኦ ቤተሰብ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሰላምታ አውቃለሁ፣ ምግብ፣ ገበያ፣ ለቅሶ አውቃለሁ። ፍቺላት የሚለውን ግን አላውቅም። ይላላ፣ ይቀዘቅዛል፣ ሐኪም፣ ዛሬ። አንዱም አልመጣልኝም። የሩቅ አገር ሰው አባባል ከነታሪኩ ስሰበስብ የኖርኩ ሴት ያቺን አንዲት ቃል አጣሁ።

በእጄ ላሳያት ሞከርኩ። አንጓዬን ጨበጥኩ፣ ለቀቅሁ። ጣቶቼን አወዛወዝኩ። የልጅቷን ጣት ልነካ እጄን ስዘረጋ ሴትየዋ ደነገጠች። ልጅዋን በነጠላዋ ከለለችና ወደ ኋላ አለች። ምን እንደመሰልኳት አላውቅም። ቡዳ ልሆን እችላለሁ፤ እብድም እመስል ይሆናል። «ኧረ በናታችሁ፣ ጌዴኦኛ የሚችል!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር እሷ የመጣው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። በሩን ደበደብኩ። ረዳቱ «ሞልቷል እናት፣ ቀጣዩን ያዢ» አለኝና መኪናው ሄደ።

ዲላ አልገባሁም። ጪጩ ወርጄ አማቴ ቤት ሄድኩ። በደጃቸው እሸት ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ደንግጠው ብድግ አሉ።

«ምን ሆንክ? ልጁ ደህና ነው?»

«ደህና ናት» አልኳቸው። «አንድ ነገር ሊያስተምሩኝ ነው የመጣሁት። የታሰረውን ፍቺላት፣ ጣቷ ቀዝቅዟል፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ይሄ በጌዴኦኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

አማቴ ቀስ ብለው አሉት። ደገምኩት። አንዱ ድምፅ አልወጣልኝምና ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና አሉት። እንደገና ደገምኩት። እሸቱን የያዘው እጃቸው ጭናቸው ላይ ቀርቷል። በአራተኛው ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን አላቆሙም፣ እኔም አላቆምኩም። ትክክል እስክለው ድረስ እንዲያ ፊት ለፊት ቆመን ተባባልን።

አሁን ቃሉን አውቀዋለሁ። ወናጎም ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ መናኸሪያውም ላይ ቆሜያለሁ። ያቺን እናት ግን ዳግመኛ አላየኋትም።